ዌድ ሃምፕተን የወደቀው መቼ ነው?

ዲሴምበር 10 ቀን 1878 በደቡብ ካሮላይና ሁለት ነገር በአንድ ቀን ሆነ። ሐኪሞች የአገረ ገዥውን የዌድ ሃምፕተንን ቀኝ እግር ቆረጡ፤ የግዛቱ ምክር ቤት ደግሞ እሱኑ ለአሜሪካ ሴናተርነት መረጠው። እግሩን ያሳጣው ጥይት አልነበረም። ከአንድ ወር በፊት አጋዘን ሊያድን ወጥቶ በቅሎ ጣለችው፤ አጥንቱ ተሰበረ፤ ጉዳቱም አልድን አለ። አራት ዓመት ሙሉ በፈረስ ላይ ሲዋጋ በጥይትም በሰይፍም በፍንጣሪም ተመትቶ የተረፈ ሰው በመጨረሻ የበቅሎ መሣቂያ ሆነ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሃምፕተንን ውድቀት ብዙዎች የሚተርኩት በቀላሉ ነው። ባለጸጋ ነበር፤ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ፤ ያለውን ሁሉ አጣ። ከዚያ የአገሩ ሰው አስታውሶ ሾመው፤ ሲያረጅ ደግሞ ረሳው። አንጀት የሚበላ ታሪክ ነው፤ የደቡቡ ነጭ ለረጅም ዘመን ሲወደው የኖረውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔን ግን ቅደም ተከተሉ አያሳምነኝም። ጦርነቱ አጠፋበት የሚባለው ሀብት ቀድሞውንም ሙሉ በሙሉ የእሱ አልነበረም፤ ጦርነቱ ራሱ ደግሞ ከፍ አደረገው እንጂ አልጣለውም። ውድቀቱን መፈለግ ያለብን ወዳጅም ጠላትም “አሸነፈ” ባለበት ዓመት፣ በ1876 ነው።

ከሀብቱ እንጀምር። ሦስት ዌድ ሃምፕተኖች ነበሩ። አያትየው በአሜሪካ አብዮት የተዋጋ፣ በ1835 ሲሞት ከአገሪቱ ባለርስቶች ሁሉ ሀብታም ከሚባሉት የሚቆጠር ሰው ነው። አባትየው በ1815 በኒው ኦርሊንስ ውጊያ የአንድሩ ጃክሰን ረዳት መኮንን ነበር። የእኛው ሰው ሦስተኛው ነው፤ በ1818 ቻርለስተን ተወለደ፣ ኮሎምቢያ አጠገብ ሚልዉድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት አደገ፣ በ1836 ከደቡብ ካሮላይና ኮሌጅ ተመረቀ። በሚሲሲፒ ጫካዎች ድብ በማደን ስሙ ወጣ፤ በጩቤ ብቻ ጣላቸው የሚባሉትን ድቦች ቁጥር ግን እንደ አዳኝ ወሬ ሁሉ ግማሹን ቀንሶ መስማት ነው።

ሀብቱ ጥጥ ነበር። ጥጡን የሚዘሩትም የሚለቅሙትም በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ፤ በደቡብ ካሮላይናና በሚሲሲፒ ተደምረው በብዙ መቶዎች የሚቆጠሩ። የዚያን ጊዜ የጥጥ ባለርስት አኗኗር ከሩቅ ሲያዩት የወርቅ ቤት ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉት የብድር ደብተር ነው። ባለርስቱ ጥሬ ገንዘብ እምብዛም በእጁ የለም። ጥጡን የሚሸጥለት ወኪል ገና ባልተለቀመው ምርት ላይ ያበድረዋል። በብድሩ መሬትና ሰው ይገዛል፤ የገዛውን መሬትና ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ብድር መያዣ ያስይዛል። ጥጥ ዋጋ እስካወጣ ድረስ የሚጠይቅ የለም። አባትየው በ1858 ሲሞት ለልጁ ርስቱን ከነዕዳው ነበር ያወረሰው።

እዚህ ላይ ጦርነቱ ያደረገውንና ያላደረገውን መለየት ያስፈልጋል። የመያዣው ትልቁ ክፍል ሰው ነበር። በ1865 መጨረሻ ባርነትን የሻረው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲጸድቅ መያዣው በእግሩ ወጥቶ ሄደ፤ ዕዳው ግን ቁጭ አለ። ሃምፕተን በዲሴምበር 1868 ሚሲሲፒ ውስጥ መክሰሩን ለፍርድ ቤት ሲያሳውቅ ዕዳው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ይህን የሚያህል ዕዳ በዋናው የተቆለለው መድፍ ከመተኮሱ በፊት ነው። ሰሜኖች ያቃጠሉት ቤቱን ነው፤ ሀብቱ የቆመበትን መሠረት የናደው ሰዎቹ ነጻ መውጣታቸው ነው። ሃምፕተን ይህን ልዩነት ተቀብሎት አያውቅም፤ ሁለቱም በአንድ ዝርፊያ እንደተወሰዱበት ሲቆጥር ኖረ። በኋላ ያደረገውን ብዙ ነገር የሚፈታው ይህ ቂም ይመስለኛል።

ወደ ጦር ሜዳው ስመጣ ሰውየውን ማድነቅ እንደሚቃጣኝ አልደብቅም። ጦርነቱ ሲጀመር 43 ዓመቱ ነበር፤ የጦር ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ስድስት የእግረኛና አራት የፈረሰኛ ሻምበል ከአንድ የመድፍ ክፍል ጋር አደራጅቶ፣ ከራሱ ኪስ ብዙ አውጥቶ “የሃምፕተን ሌጂዮን” የተባለውን ጦር ይዞ ዘመተ። በጁላይ 1861 በመጀመሪያው የማናሳስ ውጊያ ጭንቅላቱ ላይ ተመታ። በሚቀጥለው ዓመት ሴቨን ፓይንስ ላይ እግሩን ሲመታ ከፈረሱ አልወርድም ብሎ እዚያው በተቀመጠበት ጥይቱን አወጡለት። በጌቲስበርግ ሁለት ጊዜ ጭንቅላቱን በሰይፍ ተመታ፣ ዳሌውንም ፍንጣሪ አገኘው። አለቃው ጄብ ስቱዋርት ባርኔጣው ላይ ላባ ሰክቶ፣ ባንጆ መቺ አስከትሎ የሚዘምት ደማቅ ሰው ነበር። ሃምፕተን እንዲያ አልነበረም፤ ሲዋጋም ልክ እርሻውን እንደሚያስተዳድር ሰው ነው።

ስቱዋርት በሜይ 1864 ሲሞት የቨርጂኒያው ፈረሰኛ ጦር ቀስ በቀስ በሃምፕተን እጅ ገባ፤ አመራሩም ተለወጠ። ለሃምፕተን ፈረስ ማለት ቶሎ መድረሻ ነው፤ ከደረሱ በኋላ ወርዶ፣ አጥር ወይም ዛፍ ተከልሎ፣ በጠመንጃ መዋጋት። በጁን ትሬቪሊያን ጣቢያ ላይ የሰሜኑን ጄኔራል የሸሪዳንን ጦር ለሁለት ቀን ተዋግቶ ያስቆመው በዚህ ዘዴ ነው። በሴፕቴምበር ደግሞ ረሃብ የገባውን የደቡቡን አዛዥ የጄኔራል ሊን ጦር ለመመገብ ብሎ ከሰሜኖቹ መስመር ጀርባ ዞሮ ገባና ወደ 2,500 የሚጠጋ ሰንጋ ነድቶ ተመለሰ። ከጠቅላላው ጦርነት ይህቺን የሰንጋ ዘመቻ የምወዳት ፉከራ የሌለባት ስለሆነች ነው። የከብቶቹን ቦታ የሰለለለት አንድ ሰርጀንት ነበር፤ የቀረው በሌሊት መንገድና በተሠራች ድልድይ ስሌት ተከናወነ።

ከዚያ ኦክቶበር 27 መጣ። በበርጀስ ወፍጮ አጠገብ በተደረገው ውጊያ የገዛ ልጁ ፕሬስተን ወደ ተኩሱ ጋለበና ተመትቶ ወደቀ። ታላቅ ወንድሙ ዌድ ሊያነሣው ጎንበስ ሲል እሱም ተመታ። አባትየው ደርሶ ከፈረሱ ወረደ፣ የሚያጣጥረውን ልጁን አቅፎ ሳመ፤ ከአፍታ በኋላ ተመልሶ ውጊያውን መምራት ቀጠለ። ወንድሙን ፍራንክን ደግሞ ባለፈው ዓመት በብራንዲ ጣቢያ ውጊያ አጥቷል። ለዚህ ኀዘን መልስ የለኝም፤ ለመተንተንም አልሞክርም።

በሹመት ዓይን ካየነው ግን ጦርነቱ ለሃምፕተን መሰላል ነበር። በፌብሩዋሪ 1865 ሌተና ጄኔራል ሆነ፤ ያለ ወታደራዊ ትምህርት እዚያ ማዕረግ ከደረሱት ሦስት የኮንፌደሬት (የተገነጠለው ደቡብ) ሰዎች አንዱ ነው። በዚያው ወር በ17ኛው ቀን የሰሜኑ ጄኔራል የሸርማን ጦር ኮሎምቢያ ገባ። የጥጥ እስሮች መንገድ ላይ ተከምረው፣ ወታደሩ መጠጥ አግኝቶ፣ ነፋሱም በርትቶ ስለነበር በአንድ ሌሊት የከተማው ሰፊ ክፍል ነደደ። ሚልዉድም ተቃጠለ፤ ከፊት ለፊቱ የነበሩት አምዶች ብቻ ቀሩ። ሸርማን በይፋዊ ሪፖርቱ እሳቱን በሃምፕተን ላይ አላከከ። በ1875 ባሳተመው ማስታወሻው ደግሞ ይህን ያደረገው ሆን ብሎ፣ የአገሩ ሰው በእሱ ላይ ያለው እምነት እንዲናጋ መሆኑን ራሱ አመነ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የከተማው እሳትና የሃምፕተን ስም አንድ ላይ ተጣመሩ፤ ቤቱ የተቃጠለበት ሁሉ በእሱ ቁስል የራሱን አየ። ሸርማን ሳያስበው የደቡብ ካሮላይናን የነገ አገረ ገዥ አዘጋጀ።

አሁን 1876። የደቡብ ካሮላይና ሕዝብ አብዛኛው ጥቁር ነበር። ከ1868ቱ የግዛቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ጥቁር ወንዶች ይመርጣሉ፣ ይመረጣሉም፤ የታችኛው ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ የእነሱ ሆኖ ነበር፤ ለሁሉም የሚሆን የመንግሥት ትምህርት ቤትም የተደነገገው ያኔ ነው። አገረ ገዥው ዳንኤል ቼምበርሌን ከማሳቹሴትስ የመጣ ሪፐብሊካን ነው። ዴሞክራቶቹ ሃምፕተንን በተቃራኒው አቆሙ፤ እሱም ከአቀበት እስከ ባሕር ዳር ግዛቱን እየዞረ በየመድረኩ ለጥቁሮች ቃል ገባ። መብታችሁ አይነካም፣ ሕጉ ለሁላችሁም እኩል ይሆናል አለ።

በዚያ ጉዞ ካለፈባቸው ከተሞች በአንዱ የተደረገውን ትርዒት ደጋግሜ አስባለሁ። መድረኩ ላይ ጥቁር ማቅ የለበሰች፣ በሰንሰለት የታሰረች ሴት አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ደቡብ ካሮላይና መሆኗ ነው። ጄኔራሉ ደረጃውን ሲወጣ ሰንሰለቱ ይረግፋል፣ ማቁ ይወድቃል፣ ነጭ ልብስ የለበሰች ልጃገረድ ቀና ብላ ትቆማለች። ሕዝቡ ያለቅሳል። እውነተኛው ሰንሰለት ከተፈታ ገና አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በሰንሰለት የኖረው ከግዛቱ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ነው፤ በመድረኩ ላይ ግን የታሰረችው ያቺ ነጭ ልጅ ናት። ሃምፕተንን ከሚያጅቡት ፈረሰኞች መካከል ይህ ያስገረመው ሰው ስለመኖሩ ያነበብሁት የለም።

ፈረሰኞቹ ቀይ ሸሚዝ ለባሾች ይባሉ ነበር። የሰሜን ፖለቲከኞች “በደም የተነከረውን ሸሚዝ እያውለበለባችሁ ቂም ትቀሰቅሳላችሁ” ተብለው የሚተቹበትን ነገር አላግጠው የለበሱት ነው። አደራጃቸው በኤጅፊልድ የሚኖር ማርቲን ጌሪ የሚባል የቀድሞ የሃምፕተን ሌጂዮን መኮንን ነው። የጌሪ ዕቅድ በጽሑፍ የሰፈረ ነው፤ እያንዳንዱ ዴሞክራት በማስፈራራትም ይሁን በመግዛት፣ አለበለዚያ ከምርጫ ጣቢያው በማስቀረት ቢያንስ የአንድ ጥቁር ድምፅ ይቆጣጠር ይላል። ከሃምፕተን እጩነት ቀደም ብሎ በጁላይ 8 በሐምቡርግ ከተማ የጥቁር ሚሊሻ አባላት ተከበው ከተማረኩ በኋላ በሌሊት በስም እየተጠሩ ተረሸኑ። በሴፕቴምበር በኤለንተን ዙሪያ ለቀናት የዘለቀ ግድያ ተከተለ። በሐምቡርግ ከነበሩት ነጮች አንዱ ቤን ቲልማን የተባለ ወጣት ገበሬ ነው፤ በኋላ በዚያ ቀን ስላደረገው በአደባባይ ሲኩራራ ኖሯል። ስሙን ያዙልኝ።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ሃምፕተንን ከጌሪ ለይተው ይመለከታሉ። አንዱ ለዘብተኛ፣ ሌላው ጨካኝ፤ አንዱ ቃል ሲገባ ሌላው ሲተኩስ። ሃምፕተን ቃሉን ሲሰጥ ከልቡ እንደነበር እኔም እጠረጥራለሁ፤ በኋላም ጥቁሮችን ለአነስተኛ ሥራዎች ሾሟል። ጥያቄው ግን ልቡ አይደለም። የጌሪ ጠመንጃ ያለ ሃምፕተን ፊት ዋሽንግተንን ያስቆጣ ነበር፤ የፌዴራል ጦር ገና በግዛቱ ውስጥ ነውና። የሃምፕተን ጨዋነት ደግሞ ያለ ጌሪ ጠመንጃ ጥቁሮች በሚበዙበት ግዛት ምርጫ አያስገኝም። አንዱ ሌላውን ይፈልገዋል። ሃምፕተን ጠመንጃውን አልያዘም፤ ያዡን ግን ከመድረኩ አላወረደውም።

ቆጠራው ሲወጣ ሃምፕተን 92,261፣ ቼምበርሌን 91,127 ሆነ። ልዩነቱ 1,134 ነው። በጌሪ አገር በኤጅፊልድ የተሰጠው ድምፅ መምረጥ ከሚችለው ሰው ቁጥር በልጦ ተገኘ፤ ያችን 1,134 ለመሙላት ኤጅፊልድ ብቻውን ይበቃ ነበር። ለወራት ኮሎምቢያ ውስጥ ሁለት አገረ ገዥና ሁለት ምክር ቤት ተቀመጠ። በኤፕሪል 10 ቀን 1877 ፕሬዚዳንት ሄይስ ከምክር ቤቱ ሕንጻ ወታደሮቹን ሲያስወጣ ቼምበርሌን ለቆ ሄደ። ሃምፕተን ገባ።

ውድቀቱ እዚህ ተጀመረ የምለው ስለ ኃጢአትና ቅጣት ለመስበክ አይደለም። ነገሩ የፖለቲካ አሠራር ነው። ሃምፕተን ከባላባት ወዳጆቹ ጋር የቆመው በሁለት እግር ነበር። አንደኛው ዋሽንግተንን የሚያረጋጋ ጨዋ ስም ነው። ሁለተኛው ጥቁሩ መራጭ ነው፤ ድሃው ነጭ ከባላባቱ ጋር አንድ ቀይ ሸሚዝ የለበሰው ጥቁሩ መራጭ ያሸንፈኛል ብሎ ስለሚፈራ ነውና። ያ ፍርሃት ከሌለ ድሃው ነጭ ስለ ጥጥ ዋጋ፣ ስለ ወለድ፣ ስለ ግብር መጠየቅ ይጀምራል። ስለዚህ ባላባቱ ጥቁሩን መራጭ ማዳከም እንጂ ማጥፋት አይጠቅመውም ነበር። እነሱ ግን አጠፉት።

በ1878 ሪፐብሊካኖቹ ለአገረ ገዥነት እጩ እንኳ አላቀረቡም። በ1882 የስምንት ሳጥን ሕግ የሚባለው ወጣ። ሕጉን አንድ ጊዜ በዓይነ ሕሊና ማየት ደግ ነው። አንድ ማንበብ የማይችል ሰው፣ ባሪያ ሆኖ ተወልዶ ፊደል የተከለከለ፣ ጣቢያው ይገባል። ፊቱ ስምንት ሳጥን ተደርድሯል፤ ለአገረ ገዥው አንድ፣ ለኮንግረሱ አንድ፣ ለሌላው ሌላ። ወረቀቱ ከተሳሳተ ሳጥን ከገባ ይጣላል። ጎረቤቱ ቅደም ተከተሉን ነግሮት ቢመጣ እንኳ ሳጥኖቹ መሐል ላይ ቦታ ይቀያየራሉ። ጥይት የለም፣ ደም የለም፤ ለሰሜን ጋዜጣ የሚሆን ወሬ የለም። ሃምፕተን ያኔ ሴናተር ሆኖ ዋሽንግተን ነው። የሰጠው ቃል ግን እዚያ ሳጥኖች ውስጥ ነበር የሚቀበረው።

ሴናተርነቱን ላሳጥረው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀመጠ፣ ይህ ነው የሚባል ሕግ በስሙ የለም። ከዚያ በኋላ ያለውም አጭር ነው። ከ1893 ጀምሮ ለአራት ዓመት ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ የባቡር ኮሚሽነር አድርጎ አኖረው። በ1899 የሚኖርበት ቤት ተቃጠለ፤ አልፈልግም እያለ ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ቤት ሠሩለት። በኤፕሪል 11 ቀን 1902 ኮሎምቢያ ውስጥ ሞተ። ሲያጣጥር ጥቁሩንም ነጩንም ባረከ ይባላል።

ወደ 1890 ልመለስ፤ ነገሩ የተዘጋው ያኔ ነውና። የጥጥ ዋጋ ከወደቀ ቆይቷል፤ ትንንሽ ገበሬዎች በዕዳ ተይዘዋል። ያ የሐምቡርጉ ቤን ቲልማን ከ1885 ጀምሮ እየዞረ ባላባቶቹን ሲሰድብላቸው ነበር። በጦርነቱ አልዘመተም፤ ለዘመቻ በደረሰበት ዕድሜ ታሞ አንድ ዓይኑን አጥቷል። ስለዚህ የጄኔራሉ ጠባሳ ለእሱ ምንም አይደለም። በዚያ ዓመት ለአገረ ገዥነት ሲወዳደር ሃምፕተን መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ጨዋነት ሊመክር ሞከረ፤ የቲልማን ሰዎች በጩኸት አላናገሩትም። ከጮኹት ብዙዎቹ በ1876 ቀይ ሸሚዝ ለብሰው ያጀቡት፣ ካልሆነም የእነዚያ ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም።

የሃምፕተን ወገን በመጨረሻ አሌክሳንደር ሃስኬልን ከፓርቲው ውጭ አቆመ። ሃስኬል በ1876 የዴሞክራቶቹ ዘመቻ ሊቀ መንበር የነበረ ነው። እሱም አንድ ዓይና ነው፤ የእሱ ግን በጦርነቱ የጠፋ። ሃስኬል ማሸነፊያ ድምፅ ሲፈልግ ዓይኑን ያሳረፈው ጥቁሮች ላይ ነበር፤ ድምፃችሁን ስጡኝ፣ መብታችሁን አስከብራለሁ አላቸው። ምርጫው ተደርጎ ሲቆጠር ቲልማን ከ59,000 በላይ አገኘ፤ ሃስኬል 15,000 አልሞላም። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ለቼምበርሌን የተቆጠረው 91,127 ነበር። በዲሴምበር አዲሱ ምክር ቤት ተሰበሰበና የሃምፕተንን ወንበር ለቲልማን ሰው ለጆን አይርቢ ሰጠ።